ወፍጮ ቤት ሁሉም «ቅደሚ» ያሉኝ ቀን

ዛሬ ሦስት ሽማግሌዎች አስለቅሻለሁ።

ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም። ያቀረብኩላቸው ጣፋጭ ነው።

ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግን ሦስት ምስክር አለኝ፤ አንዱ ቄስ ናቸው።

ከሁሉ በፊት የትናንቱን ፖስቴን ላይክ ያደረጋችሁ ላይካችሁን አንሡልኝ። «አሜን» ያላችሁት ግን ይቆይ። አሜን አይነሣም።

ላላያችሁት፣ ትናንት የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ወፍጮ ቤት ረጅም ሰልፍ ነበር። ሰው ሁሉ ቅደሚ እናቴ ብሎ አሳለፈኝ። ደግ ሰው አላለቀም። ቡራዩ ትባረክ። ተመስገን።»

ፎቶም ነበረው። ዱቄቴን አቅፌ ፈገግ ብያለሁ። ዐይኔ ቀልቷል። ከሥሩ «የደስታ ዕንባ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

የደስታ አልነበረም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አንድ ልጅ አለችኝ፤ ሜሮን ትባላለች። እግዚአብሔር አንድ ሰጠኝ፤ እሷም በቂ ናት። ባለቤቴ ግርማ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ማታ ሲመለስ ሜሮን ታክሲ መውረጃው ድረስ ሄዳ ትቀበለዋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። አሁን ሥራ ይዛ እንኳ፣ ቀድማው ከደረሰች ቆማ ትጠብቀዋለች። ከዚያ እየተጨቃጨቁ ይመጣሉ። እኔ የጭቅጭቃቸውን ድምፅ ስሰማ እራት አቀርባለሁ። ሰዓት አላይም።

ሜሮን የሱሉልታ ልጅ ወደደች። ኦላና ይባላል። ሯጭ ነው። ጨዋ ነው። ቤታችን ሲመጣ ጫማውን ደጅ ያወልቃል። ጫማው በዋጋ ከሶፋዬ እንደሚበልጥ የነገረችኝ ሜሮን ናት።

ባለቤቴ ግን «ሩጫ ሥራ ነው ወይ?» ይላል።

እሱ ራሱ በየጠዋቱ ለታክሲ ይሮጣል። ደመወዝ ስላለው ሥራ ይባላል።

ባለፈው ወር ሽማግሌዎች መጡ። ባለቤቴ «እንምከርበት» ብሎ መለሳቸው። ይህ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። እነሱም መልስ ሳይሰሙ እህል አንቀምስም አሉ። ይህም ወግ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

ነገር ግን ባለቤቴ እስከ በር እንኳ አልሸኛቸውም። ዝናብ ይዘንብ ነበር። በዝናብ ወጡ።

የሽማግሌዎቹ ዋና ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ የኦላና አባት ታላቅ ወንድም። ሱሉልታ ላይ ያርሳሉ። በዚያው ሳምንት ቃል ላኩ፦ «አንድ ጊዜ ተመልሰን እንመጣለን። ከዚያ በኋላ የለም።»

ከቃሉ ጋር ግማሽ ጆንያ ስንዴ ላኩ። ከማሳቸው ነው።

ቅያሜና ስንዴ በአንድ መኪና ሲመጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀጠሮው ለዛሬ እሑድ ሆነ። ዓርብ ራት ላይ ባለቤቴ «አንድ ዓመት ይቆዩ እላቸዋለሁ» አለኝ።

«ከዚህ በኋላ አንመጣም ብለዋል እኮ» አልኩት።

«እንግዲህ» አለ።

ሜሮን ኩሽና ሆና ሰማች። ሳህን ማጠብ ጀመረች።

የታጠበ ሳህን ነበር።

እኔ ብዙ ቃል የለኝም። ባለቤቴንም በክርክር ረትቼው አላውቅም። ስለዚህ ለመጋገር ወሰንኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነው። በኦቦ ቶሎሳ ስንዴ፣ በጓሮዬ ኮክ፣ አንድ ፓይ እጋግራለሁ። ኦቦ ቶሎሳ እህላቸው ተከብሮ ሲያዩ ቅያሜያቸው ይለዝባል። ባለቤቴም በለዘበ ሰው ፊት «አንድ ዓመት ቆዩ» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ከዚህ በላይ ፖለቲካ አላውቅም።

የሰኔ ጾም ነው። ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ዩቲዩብ ላይ የጾም ፓይ የምታሳይ ልጅ አለች። ሊጡ በዘይት ነው። ኮኩ በስኳርና በሎሚ ይበስላል፤ ቀረፋ ይነሰነስበታል። ሰበታ ያለችው እህቴ ኦቨኗን አዋሰችኝ። ሁሉም ተሟላ። የቀረው ስንዴውን ማስፈጨት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ፌስታል ሞልቼ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

ወፍጮ ቤታችን ሁለት ወፍጮ አለው። አንዱ ለእህል፣ አንዱ ለሽሮና ለበርበሬ። የእህሉ ተበላሽቷል። መብራቱም ጠፍቶ ከርሞ ያን ጠዋት መምጣቱ ነው። ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል።

የቡራዩ እናቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። የዱቄት ብናኝ ነው ብዬ እኔም ሸፈንኩ።

ወደ ሰልፉ ጭራ ስሄድ አንዲት ሴትዮ አየችኝ። ፌስታሌን አየች።

«ለጾሙ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እህቴ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ» አልኩ።

ተነሥታ ወደ ፊት ጮኸች፦ «እሷን አሳልፏት! ለጾሙ ነው! እንግዳ አለባት!»

ሰልፉ እንደ ቀይ ባሕር ተከፈለ።

«እለፊ እናቴ!»

«ነይ፣ ነይ፣ ቅደሚ!»

አንድ አባት ፌስታሌን ተቀብለው ተሸከሙልኝ። ተራዋ የደረሰ ሴት ጤፏን አቅፋ ወደ ኋላ ሸሸች። እንዲህ የተከበርኩት በሠርጌ ቀን ብቻ ነው። ያኔም ሁሉም አልተነሣም።

እየመረቅሁ አለፍኩ። «ልጆቻችሁን ይባርክ» ብዬ፣ ግራና ቀኝ። ከልቤ ነው። ምርቃቱንም አሁን አላነሣሁትም።

ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ፌስታሌን ከፍቶ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ።

«እናት፣ ይህ ይግባ?»

«ይግባ።»

«አሁን?»

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ አሳልፎኝ አንተ ትይዘኛለህ?»

አስገባው። ዱቄቱ ሲወጣልኝ ወደ ሰልፉ ዞሬ ነው ያን ፎቶ የተነሣሁት።

ዱቄቱ ቀላ ያለ ነበር። ስንዴው እንዲያ አልነበረም። «የሱሉልታ አፈር ይሆናል» ብዬ ተቀበልኩት።

ከሰዓት በኋላ መጋገር ጀመርኩ።

ዱቄቱን ስነፋ አስነጠሰኝ። ሜሮን «ይማርሽ» አለችኝ። ደግሞ አስነጠሰኝ። «ይማርሽ።» ሦስተኛውን ስትል እሷንም አስነጠሳት። «ሰኔ ነው፣ ብርድ ነው» ተባባልን። ድመታችን ተነሥታ ከኩሽና ወጣች። ያስተዋለችው እሷ ብቻ ናት።

ሊጡን ሳሸው እጄን አቃጠለኝ። ሎሚ ጨምቄ ነበርና የሎሚ ነው አልኩ።

አያችሁ አይደል፤ ለእያንዳንዱ ምልክት ምክንያት አገኘሁለት። ነቢይ ቢላክልኝ የት ነው የምታድረው ብዬ አሳድረው ነበር እንጂ አልሰማውም።

«ለምን አልቀመስሽውም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔና ሜሮን በማግሥቱ ልንቆርብ ነው። አፋችን ውስጥ ውኃ እንኳ አልገባም። ጾመኛ ሴት የምትቀምሰው በአፍንጫዋ ነው። አፍንጫዬ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ላይ ነበር።

ፓይው ሲወጣ ወርቅ መስሎ ነበር። እንዲያ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ተመስገን አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ቆርበን ተመለስን። ፓይውን እንግዳ ሳይመጣ አልቆርሰውም ብዬ በነጭ ጨርቅ ሸፈንኩት። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ።

ኦቦ ቶሎሳ ከፊት ናቸው። ከኋላቸው መምሬ፣ የሰፈራቸው ቄስ። ከዚያ ሐጂ፣ የማሳ ጎረቤታቸው።

«አካም ጅርቱ ኦቦ?» አልኳቸው።

«ፈያ» አሉ። ፊታቸው ግን ደህና አልነበረም። ወደ ሰማዩ አዩ፤ ይዘንብ እንደሆነ።

ተቀመጡ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሜሮን ከመጋረጃው ኋላ ናት፤ እግሯ ይታያል።

«እንግዲህ...» አለ ባለቤቴ።

በዚህ ጊዜ ከጓሮ ቧንቧው አየር ሲተፋ ተሰማ።

ውኃ መጣ!

የቡራዩ ሰው ይረዳኛል። የገፈርሳ ግድብ ከእኛ ማዶ ነው። ውኃው ግን በእኛ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እኛን ሲያስታውሰን ብቻ ጎራ ይላል። ጎራ ሲል ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንኳ ይነሣል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሮቶውን...» አለ ባለቤቴ።

«ይሂዱ፣ ይሂዱ» አሉ ሐጂ። «ውኃ ይቀድማል።»

ወጣ። ሦስቱ ሽማግሌዎችና እኔ ቀረን። ፓይውን አመጣሁ።

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን አነሡ። «መልስ ሳንሰማ እህል አንቀምስም፣ እናቴ። ያውቃሉ።»

«የእርስዎ ስንዴ ነው» አልኳቸው። «ከማሳዎ የመጣው። የእኔ ኮኩ ብቻ ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ ፓይውን አዩት። ከዚያ ሐጂን አዩ።

ሐጂ አሰቡበት። «የራስን እህል መብላት፣ ቀመሰ አይባልም» አሉ።

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስንዴው የእሱ ከሆነማ እንግዳዋ እሷ ናት።»

ሕጉ ተገኘ። መምሬ ባረኩ። እኔ ቆረስኩ። ለሰው ሳበላ እጄ አያጥርም፤ ትልልቅ አድርጌ ነው የቆረስኩት።

ኦቦ ቶሎሳ ጎረሱ። አኘኩ። ማኘክ አቆሙ።

ከቀኝ ዐይናቸው ዕንባ ወረደ። ቀጥሎ ከግራው።

እኔ ምን መሰለኝ? ማሳቸው ትዝ ብሏቸው ነው። ላባቸው ፍሬ ሆኖ ከባዳ ቤት ቢያገኙት ልባቸው ተነክቶ ነው። በሆዴ «ተመስገን» አልኩ።

«ሚአዳ» አሉ ቀስ ብለው። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ይ... ይጣፍጣል።»

«ልጨምርልዎት?»

ጨመርኩላቸው!

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ደግሞ ጎረሱ። መምሬ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የትኛው ጸሎት እንደሆነ አልለየሁም። ፈጣን ነበር።

አንድም ሰው ሳህኑን አልገፋም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሳሎኔ ተቀምጠው፣ ፓይ እየበሉ፣ ጸጥ ብለው ያለቅሳሉ። እኔ ቆሜ አስተናግዳለሁ። ፊቴ ላይ ፈገግታ አለ።

ባለቤቴ የገባው በዚህ መሃል ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል።

ቆመ። መምሬን አየ። ሐጂን አየ። ኦቦ ቶሎሳን አየ። በዝናብ ሳይሸኛቸው የወጡት ሰው፣ ዕንባቸው በነጭ ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

«ኦቦ...» አለ። «ኧረ ኦቦ፣ እንዲህ ድረስ ነው እንዴ?»

ኦቦ ቶሎሳ መናገር አልቻሉም። እጃቸውን ዘርግተው አወዛወዙ። ውኃ ማለታቸው ነበር። ባለቤቴን ልመና መሰለው።

«በቃ! በቃ አያልቅሱ!» አለ። «ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ! እኔ ማን ሆኜ ነው እርስዎን የማስለቅሰው?»

ከመጋረጃው ኋላ እልልታ ተሰማ።

ሜሮን ናት። ለራሷ እልል ያለች ሙሽራ ያየሁት ዛሬ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ድምፃቸው ሲመለስ የመጀመሪያው ቃላቸው «ውኃ» ነበር። ወደ ኩሽና ሮጥኩ። አዲስ የመጣው ውኃ ደፍርሷል። በጆግ የተቀመጠችውን አነሣሁ። ሐጂ ከሳሎን «ወተት ካለ!» ይላሉ። ወተት ከየት ይመጣል? ጾም ነው። ሐጂ ዛሬ ከእኛ ጋር ጾሙ።

ጆጉን እንደያዝኩ ስልኬ ጮኸች። የትናንቱ ፖስቴ ላይ ኮሜንት ነው። ያቺ «አሳልፏት» ብላ የጮኸችልኝ ሴትዮ ናት። እንዲህ ይላል፦

«እህቴ፣ ሽሮሽ እንዴት ሆነ? ከአንቺ በፊት የአንድ ሆቴል ሚጥሚጣ ነው የተፈጨው፤ በርበሬ አትጨምሪበት ልልሽ ፈልጌ ነው። ሽሮ የያዘ ሰው ጠፍቶ ጠዋቱን ሙሉ ቁጭ ብለን ነበር። አንቺ ባትደርሺልን እስከ ማታ እንቀመጥ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ከተፈጨ በኋላ ሽሮ ይገባል። ሽሮው ወፍጮው ውስጥ የቀረውን ይወስዳል። ከዚያ ሌላው እህል ይከተላል። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። በጾም፣ ትንሽ ፌስታል ይዛ፣ እንግዳ አለብኝ የምትል ሴት፣ ሽሮ ካልያዘች ምን ትይዛለች?

ሰው ሁሉ ያሳለፈው ሽሮዬን ነው። ሽሮ ደግሞ አልነበረኝም።

ጆጉን ይዤ ቆምኩ። እውነት ለመናገር፣ ዝም ማለት አምሮኝ ነበር። ባለቤቴ ቃሉን ሰጥቷል። ልጄ እልል ብላለች። ማን ይጠይቀኛል? ነገር ግን ጠዋት የቆረብኩ ሰው ነኝ። ውሸት በማንኛውም ቀን ውሸት ነው፤ ዛሬ ግን የት ላስቀምጠው?

ገባሁ። ውኃውን ቀዳሁላቸው። ጠጥተው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ሰልፉን፣ ስንዴውን፣ የሆቴሉን ሚጥሚጣ።

«ያስለቀሳቸው የእኔ ፓይ ነው» አልኩት ባለቤቴን። «ልመና አይደለም።»

ጓሮ ሮቶው ሲሞላ ይሰማል።

«እማዬ!» አለች ሜሮን ከመጋረጃው ኋላ። ሃያ ስድስት ዓመት «እማዬ» ብላኛለች። እንደዛሬው ብላኝ አታውቅም።

ኦቦ ቶሎሳ ጺማቸውን ጠረጉ። «እኔ ፈተና መስሎኝ ነው» አሉ። «ባለፈው በዝናብ ወጣን። ዛሬ ደግሞ እሳት መጣ። የእነዚህ ሰዎች ወግ እንዲህ ከሆነ ልቻለው ብዬ ነው።»

«እኔ የእሱን ፊት እያየሁ ነው የበላሁት» አሉ ሐጂ። «እሱ ከቻለ እኔ ምን ሆኜ ብዬ።»

መምሬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እኔ አስቀድሜ ባርኬዋለሁ። ምን ብዬ ልተወው?»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ባለቤቴን ያያሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«አቶ ግርማ» አሉ። «ቃልዎን መልሼልዎታለሁ። በሚጥሚጣ ዕንባ የሰው ልጅ አልወስድም። ከልብዎ ከሆነ ይስጡን። ካልሆነ ግን እህሌን አክብራችሁ አብልታችሁኛል፤ ቂም የለኝም። እንሄዳለን።»

ትናንት «ደግ ሰው አላለቀም» ያልኩት ለእሳቸው ይሁንልኝ። ቀን ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።

ባለቤቴ ወደ መጋረጃው አየ። ከሥሩ የሜሮን እግር ይታያል። ከዚያ ወደ ትሪው ጎንበስ አለ። ከጠርዙ የተሰበረች ቅርፊት ነበረች፤ የጥፍር ታህል። አፉ ውስጥ ከተታት።

አኘከ። ተቀመጠ። ዕንባው መጣ።

«ቅድም የሰጠሁት በእርስዎ ዕንባ ነበር» አለ። «ይኸው፣ አሁን በራሴ ሰጠሁ።»

ኦቦ ቶሎሳ ሄደው አቀፉት። መምሬ መረቁ፣ ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ ማን እንደቀደመ አላወቅኩም። ሜሮን ሁለተኛ እልል አለች። በዚህኛው እኔም አገዝኳት።

ሲሄዱ ባለቤቴ እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው። ዣንጥላ ይዞ ለኦቦ ቶሎሳ እያጠላላቸው።

ዝናብ አልነበረም።

ሲመለስ ዐይኑ ቀይ ነው። «ውኃ ልስጥህ?» አልኩት። «ሚጥሚጣው ነው፣ ያልፋል» አለ።

ሳህኖቹን አጠብን። የእውነት የቆሸሹ ነበሩ። ሜሮን ከኦላና ጋር ስልክ ላይ ናት፤ ሳቋ ይሰማል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ታክሲ መውረጃው የሚወስደውን መንገድ ያያል። ዐይኑን ይጠርጋል።

«ሚጥሚጣው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ሁለት ቁራሽ የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ዕንባቸው ከግቢ ሳይወጡ ደርቋል። እሱ የቀመሰው የጥፍር ታህል ነው።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አዎ» አልኩት። «ሚጥሚጣ ክፉ ነው።»

አሁን ይህን ስጽፍላችሁም እዚያው ነው።

ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ አይደለሁም። ግን ወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ «ቅደሚ» ካላችሁ አመስግኑ፤ ከዚያ ከእኔ በፊት ምን ተፈጨ ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ምስጋናውን አይቀንሰውም።

ኦቦ ቶሎሳ ሱሉልታ ሲደርሱ ደወሉ። በደህና ገብተዋል፣ ተመስገን። ሠርጉ ላይ ያንን ፓይ እንድደግመው ይፈልጋሉ።

«ለእንግዳ ነው ኦቦ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«የለም፣ የለም» አሉ። «ለእንግዳ ሌላ ይደረጋል። ለግርማ አንድ ቁራሽ ብቻ ትቀመጥለት።»

ስለዚህ የቡራዩ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሠርጉ ሲቃረብ ሚጥሚጣ የሚያስፈጭ ሆቴል ካያችሁ፣ ከእሱ ቀጥሎ ተራ የሚይዝልኝ ማን ነው?